ከኮምፒውተሬ የጠፋው ድጓ

በመጀመሪያ በዚያ ቀን የነበርነውን ሰዎች አንድ በአንድ ልጥራ።

እኔ ምናለ፤ ቢቸና ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ጽሑፍ፣ ኮፒና ስካን የምንሠራባት ጠባብ ሱቅ አለችን። እናንየ፤ ታላቅ እኅቴ፣ የሱቋ ግማሽ ባለቤት። ቄስ ገበዝ አንለይ፤ ሞጣ አጠገብ ያለ የአንድ ደብር ገበዝ፣ የደብሩ ንዋየ ቅድሳት በእጃቸው ያለ። መምህር ከድር፤ የወሎ ልጅ፣ ሞጣ ተመድቦ ኮምፒውተር የሚያስተምር ጓደኛዬ። ሳጅን አለምነሽ፤ የቢቸና ፖሊስ። ስድስተኛው አንድ ሰውዬ ነው፤ ስሙን ትቼዋለሁ፤ ፍርዱን ተቀብሎ ጨርሷል፣ ልጆችም አሉት። የደብሩንም ስም አልጽፍም፤ ለምን እንደሆነ ስታነቡ ይገባችኋል።

ያኔ ዝምተኛ ልጅ ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ። ኮምፒውተር ያስተማረኝ ሰው የለም። አንድ መሥሪያ ቤት የጣለውን አሮጌ ኮምፒውተር ፈትቼ፣ ገጥሜ፣ እንደገና ፈትቼ ነው የለመድኩት። ብቻውን የተማረ ሰው አንድ አደጋ አለበት፤ የሚያውቀውን በደንብ ያውቃል፣ የማያውቀውን ግን አለማወቁን የሚነግረው የለም።

ነገሩ የጀመረው ቄስ ገበዝ ሱቃችን መጥተው «ድጓችንን ፎቶ አንሥተህ ታኖርልናለህ ወይ?» ባሉኝ ጊዜ ነው። ድጓው፣ የዜማ መጽሐፋቸው፣ የብራና ነው። ጽሑፉ ደቃቅ ነው፤ ከየቃሉ በላይ ደግሞ የዜማው ምልክት እንደ ጉንዳን ተደርድሯል። ብል ጀምሮታል፤ ከብሉም በላይ ሌባ ያሰጋል። መጽሐፉ ከቅጥሩ አይወጣም ስለተባለ ኮምፒውተሬንና ስካነሬን በአውቶቡስ ጭኜ ሞጣ ሄድኩ። በደጀ ሰላሙ ተቀምጠን ቄስ ገበዝ ቅጠሉን ይገልጣሉ፣ እኔ መጽሐፉን በመስታወቱ ላይ አስተኝቼ አነሣለሁ። የመጨረሻው ቅጠል ላይ ስንደርስ ጮክ ብለው አነበቡት፤ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ ውጉዘ ይኩን»፤ የሰረቀውም የፋቀውም የተወገዘ ይሁን።

«ሰምተሃል?» አሉኝ።

«ሰምቻለሁ አባቴ።»

ሥራው ሲያልቅ ካህናቱ ተሰብስበው ሁለት ነገር አዘዙኝ። የመጀመሪያው፣ ሁለተኛ ቅጅ እንዳይወጣ ነው፤ በፍላሽም፣ በስልክም፣ በወረቀትም፤ ይህን በግዝት ነው ያሉት። ሁለተኛው ስለ ቁልፍ ነው። የደብሩ ዕቃ ቤት ሁለት ቁልፍ አለው፤ አንዱ በቄስ ገበዝ፣ ሌላው በሌላ ካህን እጅ ነው፤ አንዱ ያለ ሌላው አይከፍትም። ምስሎቹም እንደዚያው ይቆለፉ አሉ። ከስካነሩ ጋር የመጣው ሶፍትዌር በውስጡ ምስል የሚቀመጥበት ማኖሪያ ነበረው፤ በይለፍ ቃል ይቆለፋል። እኔም ምስሎቹን በሌላ ፎልደር ሳላስቀር ሁሉንም እዚያ አስገባኋቸው። የይለፍ ቃሉን ግማሽ እኔ፣ ግማሹን ቄስ ገበዝ ጻፍን።

«እኔ ስጽፍ አንተ ዙር» አሉኝ። ዞርኩ። በአንድ ጣታቸው ፊደሉን እየፈለጉ ሲጫኑ ብዙ ቆዩ።

ለእናንየ ስነግራት «ሁለታችሁም ብትሞቱስ?» አለችኝ።

«ዕቃ ቤቱስ ቢሆን?» አልኳት። በመልሴ ኮራሁ።

ኮምፒውተሩ ወደ ቢቸና ተመለሰ። ወራት አለፉ። ዊንዶውሱን ካደስኩ በኋላ ያ ሶፍትዌር ይታመም ጀመር፤ ሲከፈት ይቆይና ራሱ ይዘጋል። ከድር አዲሱን ዓይነት በፍላሽ አድርጎ በሹፌር እጅ ላከልኝ። በዚያ ቀን ጠዋት ልጭነው ስል «መጀመሪያ አሮጌውን አስወግድ» የሚል ጽሑፍ መጣ።

እጄን ማውሱ ላይ አድርጌ አሰብኩ። በችኮላ እንዳላደረግሁት እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ። እንዲህ ነው ያሰብኩት፤ አሮጌውን ሳነሣው ማኖሪያው ጋ ሲደርስ የይለፍ ቃል ይጠይቀኛል። ቁልፍ ያለው ነገር ቁልፍ ሳይጠየቅ አይነካም። ሲጠይቀኝ አቆመውና ለቄስ ገበዝ እደውላለሁ፤ እሳቸው ሲመጡ አብረን አውጥተን አብረን እናስገባለን።

ማስወገጃውን ተጫንኩ። አረንጓዴው መስመር መሙላት ጀመረ። እየጠበቅሁ ነው። መስመሩ ሞላ። «ተወግዷል» አለ።

ምንም አልጠየቀኝም።

ካልጠየቀኝ አልነካውም ማለት ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩና አዲሱን መጫን ጀመርኩ። ግማሽ ሳይደርስ ስልኬ ጮኸ።

«ምናለ! ድጓችን ተያዘ!» ቄስ ገበዝ ናቸው፤ ድምፃቸው እንደ ሩጫ ነው።

«ምን ሆነ አባቴ?»

«ዕቃ ቤቱ ተሰብሮ አደረ። ደግነቱ ያንተ አገር ፖሊስ አልተኛም፤ እዚያው መናኸሪያችሁ ላይ አንድ ሰው ከነጆንያው ተይዟል። ግን የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ቅጠል ቆርጦ ጥሏቸዋል፤ የደብሩ ስምና ግዝቱ ያለባቸውን። ‹የአያቴ ውርስ ነው› ይላል። ፖሊሷ ‹እስከ ሥራ መውጫ ማስረጃ ካላመጣችሁ መጽሐፉን የምይዝበት ምክንያት የለኝም› አለችኝ። ምን ብዬ መለስኩላት መሰለህ?»

«ምን አሉ?»

«‹ማስረጃው ከመናኸሪያው ፊት ለፊት፣ ከነቁልፉ ተቀምጧል› አልኳት!» ሳቁ። «ግማሽ ቃሌን ይዤ መንገድ ጀምሬአለሁ።»

ስልኩ ተዘጋ። የማኖሪያውን ቦታ ከፈትኩ። የለም። ሪሳይክል ቢኑን ከፈትኩ። ባዶ ነው። በስም ፈለግሁ፣ በዓይነት ፈለግሁ። ከነማኖሪያው፣ ከነቁልፉ ሄዷል።

«ፊትህ አመድ መሰለ፤ ምን ሆነሃል?» አለች እናንየ ከኮፒ ማሽኑ ቀና ብላ።

ነገርኳት። ወረቀቱን ማሽኑ ላይ አስቀመጠችው።

«ሰው ሌባ ይፈራል» አለች። «እኛ ግን ሌባ የሚተወውን የሚጨርስ ወንድም አለን። ለዚያ ወሎዬ ደውልለት እንጂ፤ ምን ያፈዝሃል?»

ከድር ሁሉንም ሰምቶ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። «ኮምፒውተሩ አሁን ምን እየሠራ ነው?»

«አዲሱን እየጫነ።»

«ሶኬቱን ንቀል።»

«ሳልዘጋው?»

«ምናለ! ንቀለው ነው የምልህ!»

እኔ ስጠራጠር እናንየ ጎንበስ ብላ ነቀለችው። የማሽኑ ድምፅ ተንኖ ሲጠፋ፣ ያለኝ ሁሉ አብሮ የጠፋ መሰለኝ።

«ስማኝ» አለ ከድር። «የጠፋ ነገር ወዲያው አይጠፋም። ባለቤቱ ለቆት እንደሄደ ቤት ነው፤ ሌላ ገብቶ እስኪያፈርሰው ግድግዳው ይቆማል። አንተ ደግሞ አዲስ ተከራይ እያስገባህ ነበር። ምን ያህሉን እንዳፈረሰው ሳናየው አናውቅም። ላፕቶፔን ይዤ መጣሁ፤ እስክደርስ እንዳትነካው።»

ከዚያ በኋላ መጠበቅ ብቻ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ከድር እንደገና ደወለ፤ በሹክሹክታ ነው የሚያወራው።

«ሚኒባስ ውስጥ ነኝ። ከጎኔ ማን እንደተቀመጠ ታውቃለህ?»

«ማን?»

«ቄስህ። ቢቸና እንደምሄድ ስነግራቸው ስለ አንተ ያወሩኝ ጀመር። ‹እጁ ንጹሕ፣ ጠንቃቃ ልጅ ነው› ይሉኛል።»

«ነገርካቸው?»

«እኔ? እኔ ሙስሊም ነኝ ወንድሜ፣ በግዝት መሀል አልገባም። አንተው ንገራቸው።»

ቀጥሎ የመጣችው ሳጅን አለምነሽ ናት። በራችን ላይ ቆማ ሱቁን ከላይ እስከ ታች ቃኘችው።

«የመጽሐፉ ምስል ያለህ አንተ ነህ?»

«ቁልፉ... ግማሹ በቄስ ገበዝ ነው። እየመጡ ነው» አልኩ። ይህ ውሸት አልነበረም፤ እውነትም አልነበረም።

«ጥሩ። አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ዕቃ ቤቱን የሰበረው የውስጡን የሚያውቅ ሰው ነው ይባላል። ከካህናቱ ሌላ እዚያ ደብር ለብዙ ቀን የተቀመጠ አንተ ብቻ ነህ አሉ። እውነት ነው?»

«ለሥራ ነው የተቀመጥኩት።»

«ለምን እንደተቀመጥክ አልጠየቅሁህም።» የተነቀለውን ሶኬት አየችው። «ከሱቅህ እንዳትርቅ» ብላ ሄደች።

ያኔ ነው ፍርሃት ምን እንደሆነ ያወቅሁት። እስከዚያ ድረስ የፈራሁት ማፈርን ነበር። አሁን ግን ነገሩን በእሷ ዓይን አየሁት። መጽሐፉ በተሰረቀ ማግስት፣ ሌባው በተያዘበት ጠዋት፣ ማስረጃው በእኔ እጅ ጠፋ። እኔ ራሴ ሌላ ሰው እንዲህ ሆነብኝ ቢለኝ አላምነውም። ከፖሊሷም በላይ ደግሞ ያ የመጨረሻው ቅጠል አለ። የሰረቀውም የፋቀውም ነው የሚለው። አንደኛው ከመንገዱ ማዶ ታስሯል፤ ሁለተኛው እዚህ ተቀምጧል። እጄን ብብቴ ውስጥ ከተትኩት።

ከመናኸሪያው ረዳቱ «ደጀን! ደጀን! አንድ ሰው!» እያለ ይጣራል። ተነሣሁ። ወዴት እንደምሄድ አላሰብኩም፤ እግሬ ነው የተነሣው። መንገዱን አቋርጬ ወደ መኪናው ስጠጋ እናንየ ከኋላ እጅጌዬን ያዘችኝ። አልጮኸችም።

«ብትሄድ ሌባው አንተ ትሆናለህ» አለችኝ። «ብትቀመጥ ግን ጅል ብቻ ነህ። ጅል ወንድም ይበቃኛል፤ ና።»

ተመለስኩ።

ቄስ ገበዝና ከድር አብረው ገቡ። ቄስ ገበዝ ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ መስቀላቸውን ሳያሳልሙኝ ገና፣ «በል ክፈተው፤ ሰውየውን አፉን እናስይዘው» አሉ።

«አባቴ፣ ይቀመጡ።»

«ተቀምጬ ነው የመጣሁት፤ ክፈተው።»

«የለም አባቴ። ዛሬ ጠዋት ሶፍትዌሩን ሳነሣው አብሮ ጠፋ።»

ወደ ከድር ዞሩ። ከድር መሬት መሬት ያያል። ሚኒባስ ውስጥ ያወሩትን ሁሉ ያን ጊዜ ያስታወሱ ይመስለኛል። ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ሁለት ቁልፍ ነበረው እኮ» አሉ።

«ነበረው። ሁለቱን ቁልፍ የሚጠይቀው ለሚከፍት ነው አባቴ። ለሚያጠፋው አንዱንም አልጠየቀም።»

ከፊታቸው ተንበረከክሁ።

«አባቴ፣ ፍቄዋለሁ። ግዝቱ ይዞኛል?»

አዩኝ። ይፍታህ እንዲሉኝ ነበር የጠበቅሁት፤ ሁልጊዜ ለሁሉም የሚሉት ነው። መስቀሉ በእጃቸው ነው፤ አላነሡትም።

«እሱን አሁን አልመልስልህም» አሉ። «ተነሥና ሥራችሁን ሥሩ።»

ሃርድ ዲስኩን ፈትቼ ሳወጣ ብሎኑ ሁለቴ ከጣቴ አመለጠኝ። ከድር ከላፕቶፑ ጋር አገናኘውና የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ፕሮግራም ከፈተ።

«ቆይ» አልኩት። «ዲስኩ ውስጥ ቢኖርስ፣ የይለፍ ቃሉ ይከፍተዋል? ሶፍትዌሩ እኮ የለም።»

«ይህ አሮጌ ነገር የቆለፈው በሩን ነው፤ ዕቃውን አይደለም» አለ። «በሩ ፈርሷል፤ ዕቃው ካለ በሜዳ ላይ ነው።»

ፍለጋው ጀመረ። ትንሽ ሄዶ መብራት ጠፋ። ላፕቶፑ በባትሪው ቆየ፤ ከውጭ የተገናኘው ዲስክ ግን በመብራት ነውና ጸጥ አለ። እናንየ ወጣች። ከየት እንደሆነ አላውቅም፣ አንዲት ትንሽ ጄኔሬተር በጋሪ አስጭና መጣች፤ ባለ ጋሪውን በራችን ላይ «አውርድ እንጂ፤ ሠርግ መሰለህ?» ትለዋለች። ከመጀመሪያው ጀመርን።

ስሞቹ ሁሉ ጠፍተው ቁጥር ብቻ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ የመጣው የሰው መታወቂያ ነው። ከዚያ የሠርግ ጥሪ፣ የልደት ካርድ፣ ማን እንደሆነ የማላውቀው ሰው ጉርድ ፎቶ። ቄስ ገበዝ አንድ ምስል በመጣ ቁጥር ብድግ ይሉና ይቀመጣሉ። ከዚያ የብራና ጥግ መጣ። ግን ጥግ ብቻ ነው፤ የቀረው ግራጫ ሆኗል። ቀጣዩም ግራጫ ነው። ሌላው ከመሀሉ ተሰንጥቆ ግማሹ ሌላ ቦታ ሄዷል። የመጨረሻው ቅጠል፣ ግዝቱ ያለበት፣ ኅዳጉ ብቻ ተገኘ፤ ጽሑፉ በነበረበት ላይ አዲሱ ሶፍትዌር ተኝቶበታል።

«አፍርሶታል» አለ ከድር በዝግታ።

ሙሉ ቅጠል አልተገኘም። ይሻላል ያልነው አንድ ነበር፤ የላይኛው ክፍል ደህና፣ የታችኛው ግራጫ። በደህናው በኩል ብራናው ላይ ቀዳዳ አለ፤ ከቆዳው ጋር የተፈጠረ፣ ጸሐፊው በዙሪያው እየዞረ የጻፈበት። የሥራ መውጫ ሰዓት ስለደረሰ እሱኑ ይዘን ሄድን።

ሰውየው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ንጹሕ ጋቢ ለብሶ፣ እንደ እንግዳ ረጋ ብሎ። ድጓው ጠረጴዛው ላይ ነው። ከድር ላፕቶፑን ከጎኑ አስቀመጠ። ሳጅን አለምነሽ ቅጠል በቅጠል እየገለጠች ቀዳዳውን አገኘችው፤ በቅርጹም ይመሳሰላል።

«የብራና ቀዳዳ ማስረጃ ይሆናል?» አለ ሰውየው ሳይቆጣ። «ቆዳ እኮ ነው። ቀዳዳ የሌለው ብራና የት አለ? ይጠየቁ እስኪ፤ እሳቸው አዋቂ ናቸው።»

ሳጅኗ ወደ ቄስ ገበዝ ዞረች። «እውነቱን ነው አባ?»

ቄስ ገበዝ መዋሸት ይችሉ ነበር። «እውነቱን ነው» አሉ። «ብዙ ብራና ቀዳዳ አለው።»

ግድግዳውን ተደገፍኩ። ሰውየው እኔን ነው የሚያየው። ሳጅኗ ግን ዓይኗን ከስክሪኑ አላነሣችም፤ አፍንጫዋ ሊነካው ምንም አልቀረው።

«በቀዳዳው ውስጥ ይህ ቀይ ነገር ምንድን ነው?» አለች።

ሁላችንም ጎንበስ አልን። መጽሐፉን በስካነር ሳነሣው ከነጥራዙ ስለነበር፣ ቀዳዳው ባዶ አልነበረም፤ የሚቀጥለው ቅጠል በቀዳዳው በኩል ይታያል። አንድ ቀይ ፊደል ነው፣ ቀኝ ጎኑ በቀዳዳው ጠርዝ የተቆረጠ፤ ከላዩ ጥቁር የዜማ ምልክት፣ እሱም ጫፉ ብቻ። ሳጅን አለምነሽ የድጓውን ቅጠል በመዳፏ ተጭና አስተኛችው። ቀይ ፊደሉ በቀዳዳው ውስጥ ብቅ አለ፤ ቀኝ ጎኑ ተቆርጦ፣ ምልክቱ ጫፉ ብቻ።

«ይሄስ?» አለችው። «ሁለት ቆዳ፣ ሁለት ጸሐፊ፣ አንድ ዓይነት ቁራጭ ላይ ተገጣጠሙ በለኛ።»

ሰውየው አየው። ላፕቶፑን አየ። ከዚያ ጋቢውን ወደ ራሱ ሰበሰበና ውኃ ለመነ።

ከጣቢያው ስንወጣ ቄስ ገበዝ ቆም አሉ። መስቀላቸውን አውጥተው ግንባሬን ነኩኝ፤ «እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉ።

«አባቴ፣ ሱቅ ውስጥ ስለምንዎ ለምን አልፈቱኝም?»

«ያኔ ብፈታህ ፍርሃቱ ይለቅህ ነበር፤ እጅህም አብሮ ሥራውን ይለቅ ነበር» አሉኝና ሚኒባስ ፍለጋ ሄዱ።

መጽሐፉ ወደ ደብሩ ተመልሷል። ተቆርጠው የተጣሉት ሁለት ቅጠሎች ግን እስከ ዛሬ አልተገኙም። ምስላቸው በእጄ ቢኖር ኖሮ በሌላ ብራና ይገለበጡ ነበር፤ አሁን የመጀመሪያው ጭራሽ የለም፤ የመጨረሻውም ከኅዳጉ በቀር የለም። ሌባው ቆረጣቸው፤ ለዘለዓለም ያጠፋኋቸው ግን እኔ ነኝ። በዚህ ማንም አልወቀሰኝም፤ ለዚህም ይመስለኛል የማይረሳኝ።

ካህናቱ እንደገና ተሰብስበው ስለ ቅጅ ያሉትን ግዝት አነሡ። ድጓው እንደገና በስካነር ተነሣ፤ ዛሬ ምስሉ በተለያየ ከተማ በተለያየ ሰው እጅ ነው። የት የት እንደሆነ ብትጠይቁኝም አልነግራችሁም።

አንባቢዎቼ፣ ብዙዎቻችሁ የእናታችሁን ፎቶ፣ የቤታችሁን ካርታ፣ የልጃችሁን የልደት ምስክር ወረቀት በአንድ ማሽን ውስጥ ቆልፋችሁ ተኝታችኋል። ቁልፉ ከሚያይ ሰው ይጠብቃችኋል፤ ከማጣት አይጠብቃችሁም። ሶፍትዌር ከማንሣታችሁ በፊት የእናንተ የሆነውን ወደ ሌላ ቦታ አውጡ፣ በዓይናችሁም ከፍታችሁ እዩት። እኔ አሁን ያን አረንጓዴ መስመር ሲሞላ ባየሁ ቁጥር፣ የማነሣው የማይረባ የጨዋታ ፕሮግራም እንኳ ቢሆን፣ እጄ ብብቴን ይፈልጋል። ፍርሃቱ ይልቀቀኝ ብዬ አልጸልይም።

የጻፍኩት እኔ ያየሁትን ብቻ ነው፤ በዚያ ቀን ደግሞ ብዙ ነገር አላየሁም። ከድር፣ ሚኒባስ ውስጥ ቄስ ገበዝ ያሉህን ሁሉ ነግረኸኝ አልጨረስክም። ሳጅን አለምነሽ፣ የተነቀለውን ሶኬት ስታዪ ምን እንዳሰብሽ ጻፊልኝ። እናንየ ጄኔሬተሩን ከማን እንዳመጣች የምታውቁ የቢቸና ሰዎች ንገሩኝ፤ እሷ እምቢ ብላለች። አንተም በዚያ ቀን ለደጀን ስትጣራ የነበርከው ረዳት፣ ይህን ካነበብክ እባክህ ጻፍልኝ። እኔ ከመኪናው በር ሳልደርስ የተመለስኩ ይመስለኛል፤ እኅቴ ግን አንድ እግርህን አስገብተህ ነበር ትላለች። ማናችን ልክ እንደሆንን ያየኸው አንተ ነህ።